በናይሮቢ የዋለ እንቁጣጣሽ

ናይሮቢ በጧት ትቀዘቅዛለች። ስሟም ከዚሁ የመጣ ነው፤ በማሳዮች ቋንቋ «ቀዝቃዛ ውሃ» እንደ ማለት ነው ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1899 ከሞምባሳ ወደ ዩጋንዳ ሐዲድ ይዘረጉ የነበሩ ሰዎች በአንድ ረግረግ ዳር ድንኳን ተክለው ሲሰፍሩ የተቆረቆረች ስለሆነች፣ ከአዲስ አበባችን በ13 ዓመት ያህል ታንሳለች። በዕድሜ ታንሳለች እንጂ በፎቅና በመኪና ብዛት ታናሽ ናት ለማለት ያስቸግራል። ከመሐል ከተማ ተነሥቶ በሞምባሳ መንገድ ወደ አይሮፕላን ማረፊያው የሚሄድ መንገደኛ በግራሮች አናት ላይ ተኮፍሰው የሚያድሩትን አባ ኮዳዎች ያያል። ቀና ሲል እ.ኤ.አ. በ2022 የተከፈተው 27 ኪሎ ሜትር የሚረዝም ከፍተኛ አውራ ጎዳና ከራሱ በላይ ተዘርግቶ ይታየዋል። በቀኝ በኩል ደግሞ ከተማዋን ታክኮ የተኛው ብሔራዊ ፓርክ አለ። ቀጭኔ ቅጠል ስትቀነጥብ ከበስተኋላዋ ፎቅ የሚታይበት ሌላ ዋና ከተማ እኔ በበኩሌ አላየሁም።

በዚህ መንገድ ያለፍሁት መስከረም 1 ቀን 2017 ዓ.ም. ረቡዕ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ነበር። ለሰባት ቀን ሥራ ሄጄ ሥራዬን ፈጽሜአለሁ። ሐሳቤም ቀላል ነበር፤ የሁለት ሰዓት በረራ ነው፤ ከምሳ በፊት ቤቴ ገብቼ ከልጆቼ ጋር የእንቁጣጣሹን ዶሮ እቀምሳለሁ የሚል ነበር።

ጆሞ ኬንያታ ዓለም አቀፍ አይሮፕላን ማረፊያ የሚገኘው ኤምባካሲ በተባለው ሰፈር ነው። እ.ኤ.አ. በ1958 ሲከፈት የሚጠራውም በዚሁ በሰፈሩ ስም ነበር፤ የዛሬውን ስም ያገኘው በ1978 የአገሪቱ የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት ካረፉ በኋላ ነው። ሜዳውን ቆፍረው ካስተካከሉት መካከል በማው ማው ዘመን እንግሊዞች ያሰሯቸው የኬንያ ልጆች እንደሚገኙበት ታሪክ ይመሰክራል። በአቅራቢያውም የኬንያ ጦር ሰፈር አለ። አንባቢዎቼ ሠራዊቱና ቤተሰቡ ስለሆኑ ይህን ሳልጠቅስ ማለፍ አልወደድሁም።

ከበሩ ስንደርስ ግን የጠበቀን ነገር ሌላ ሆነ። የኬንያ የአቪዬሽን ሠራተኞች ማኅበር አባላት ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ሥራ አቁመዋል። ምክንያቱ አዳኒ የተባለው የሕንድ ኩባንያ 1.85 ቢሊዮን ዶላር አውጥቶ ማረፊያውን ለማስፋፋትና ለ30 ዓመት ይዞ ለማስተዳደር ያቀረበው ሐሳብ ነበር። ሠራተኞቹ ሥራችንን እናጣለን ብለው ሰግተዋል። የነገሩን ፍጻሜ አስቀድሜ ለመናገር ያህል፣ አድማው በዚያው ዕለት ከሰዓት በኋላ በስምምነት ቆመ፤ ኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም. ደግሞ ፕሬዚዳንት ዊልያም ሩቶ ዕቅዱ እንዲሰረዝ ማዘዛቸውን ለፓርላማው አስታወቁ። በዚያ ጧት ግን ይህን ሁሉ የሚያውቅ አልነበረም። የምናውቀው በሩ ላይ ፖሊስ መቆሙን፣ በሰሌዳው ላይም «ተሰርዟል» የሚለው ቃል ከላይ እስከ ታች መደርደሩን ብቻ ነው።

እንዲህ ያለ ቀን ለናይሮቢ እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 7 ቀን 2013 የዓለም አቀፍ መንገደኞች መቀበያው አዳራሽ በእሳት ሲጋይ ወደ ናይሮቢ የሚመጡ አይሮፕላኖች ወደ ሞምባሳና ወደ ሌሎች ከተሞች ተመልሰዋል። በ2020 በወረርሽኙ ምክንያት ዓለም አቀፍ በረራ ከመጋቢት መጨረሻ እስከ ነሐሴ መባቻ ተቋርጧል። በ2022 ኅዳር ላይ ደግሞ የኬንያ አየር መንገድ አብራሪዎች ባደረጉት አድማ በሺህ የሚቆጠሩ መንገደኞች ተንገላተዋል። እንግዲህ ምክንያቱ እሳትም ይሁን በሽታ ወይም አድማ፣ በመስኮቱ ፊት የሚቆመው መንገደኛ የሚገጥመው ጣጣ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው። እኔም ብዕሬን ያነሣሁት ስለዚያ ጣጣ ለመናገር ነው።

በሰልፉ ከፊቴ የቆሙት ሁለት አረጋውያን ባልና ሚስት ነበሩ። አነጋገራቸውን ሰምቼ የአገሬ ሰዎች መሆናቸውን ዐወቅሁና «እንኳን አደረስዎ፣ ጋሼ» ብላቸው «እንኳን አብሮ አደረሰን፤ አደራረሳችን ግን ይኸው ነው» ብለው በእጃቸው ሰሌዳውን አሳዩኝ። ጋሼ በአሜሪካ፣ ዋሽንግተን አጠገብ የሚኖሩ፣ በሒሳብ ሥራ ያረጁ ጡረተኛ ናቸው። ናይሮቢ የመጡት እዚያ የምትሠራ ልጃቸውን ለመጠየቅ ነው። ከዚያ ወደ አቴና ሄደው ሐሙስ ማታ ከፒሬየስ ወደብ በሚነሣ የሽርሽር መርከብ ይሳፈራሉ። የጋብቻቸው 40ኛ ዓመት ነውና ልጆቻቸው ተሰባስበው የከፈሉላቸው ስጦታ ነበር። የአይሮፕላኑን ቲኬት፣ ከዋሽንግተን ናይሮቢ፣ ከናይሮቢ አቴና፣ ከአቴናም መልስ ዋሽንግተን፣ ባንድ ላይ የገዛላቸው ያው የመርከቡ ኩባንያ ነው።

ከኋላዬ የቆመችው ደግሞ የአምስት ዓመት ሴት ልጇን በእጇ የያዘች ወጣት እናት ነበረች። ሕፃኗ በአገር ልብስ አጊጣለች፤ ጥለቷ ቀይና ቢጫ ነው። እናትየዋ ለአራስ እኅቷ ልታርስ መጥታ ሦስት ወር ቆይታለች። ባለቤቷ አሥር አለቃ ነው። ልጁን ካያት አንድ ዓመት ከሁለት ወር ሆኖታል። የተሰጠው ፈቃድ አሥር ቀን ሲሆን አብዛኛውን አባቱ ዘንድ በገጠር አሳልፎ ለበዓሉ አዲስ አበባ ገብቶ እየጠበቃት ነው። ቅዳሜ መስከረም 4 ጧት ወደ ክፍሉ ይመለሳል። የእሷን ቲኬት የገዛላት ዱባይ ያለው ወንድሟ ነው፤ እሱም የገዛው በኢንተርኔት ከሚሸጥ ወኪል ነበር።

የእኔን ቲኬት የሸጠልኝ አዲስ አበባ ያለ የጉዞ ወኪል ነው። እንግዲህ ሦስታችንም፣ ጋሼና ባለቤታቸውን እንደ አንድ ቈጥሬ፣ ከአየር መንገዱ በቀጥታ የገዛን አንሆንም ነበር።

ከሁለት ሰዓት ተኩል ሰልፍ በኋላ መስኮቱ ጋ ደረስን። አየር መንገዶቻችን የተለያዩ ቢሆኑም መልሱ አንድ ሆነ። ለጋሼ «ቲኬትዎ በመርከቡ ኩባንያ እጅ ነው፤ እነሱን ይጠይቁ» አሏቸው። ለእናትየዋ «የሸጠልሽን ጠይቂ» አሏት። ለእኔም እንደዚያው። እያንዳንዱ መልስ «ፖሌ ሳና» በሚል ቃል ይጀምራል። «ፖሌ» የስዋሂሊ ቃል ነው። ያጠፋ ሰው የሚለው ይቅርታ አይደለም፤ ጉዳትህን አይቼ አዝኛለሁ የሚል ነው። ለቅሶ ቤት ደርሶ «እግዜር ያጽናህ» እንደ ማለት ያለ ቃል ነውና፣ ባለ መስኮቱ ፖሌ ስላለ ጥፋቱን አመነ ብሎ የሚደሰት መንገደኛ ሞኝ ነው። በዚያ ቀን የተማርሁት ሌላው ቃል «ኬሾ» ነው፤ «ነገ» ማለት ነው።

ነገሩ የመንገደኛ ማጉላላት ብቻ እንዳይመስላችሁ ላስረዳ። በየክፍሉ በንብረት ሥራ ላይ ያላችሁ ወታደሮች በቀላሉ ትረዱታላችሁ። አንድ ዕቃ በሞዴል 22 በአንድ ሰው ስም ወጪ ከሆነ፣ ዕቃው ዛሬ በሌላ ሰው እጅ ቢገኝም ግምጃ ቤቱ የሚያውቀው የፈረመውን ነው። ልመልስ፣ ልለውጥ የሚል ሁሉ «ፈራሚው ይምጣ» ይባላል። ቲኬትም እንደዚሁ ነው። በወረቀቱ ላይ የተጻፈው የመንገደኛው ስም ይሁን እንጂ፣ ቲኬቱን የቈረጠው ወኪል፣ ወይም የመርከብ ኩባንያ፣ በመዝገቡ ላይ እንደ ፈራሚ ሆኖ ይቈጠራል። ገንዘቡንም የተቀበለው እሱ ነው። ስለሆነም በሰላሙ ጊዜ ቀን ለመለወጥ የፈለገ መንገደኛ አየር መንገዱ ዘንድ ቢሄድ ወደ ወኪሉ መመለሱ ሥርዓት ነው።

ነገር ግን ለዚህ ሥርዓት ማብቂያ አለው። እኔ ያን ጊዜ አላውቀውም ነበር፤ ያወቁት ጋሼ ናቸው። ከኪሳቸው አንዲት ትንሽ ማስታወሻ ደብተር አውጥተው የእናትየዋን ስልክ ተቀበሉና ወንድሟ የላከላትን ወረቀት ያነቡ ጀመር። «ይኸውልሽ፣ ልጄ» አሏት፤ «እነዚህ ስድስት ፊደልና ቁጥር የተደባለቀባቸው የቦታ ማስያዣ ምልክቶች ናቸው። አንዱ የወኪሉ ነው፤ አንዱ የአየር መንገዱ ነው። መስኮቱ ላይ የወኪሉን ብትሰጪያቸው ላያገኙሽ ይችላሉ። ይህ 13 አኃዝ ያለው ደግሞ ራሱ ቲኬቱ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሦስት አኃዞች የአየር መንገዱ መለያ ናቸው።» በእርግጥም የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቲኬት በ071፣ የኬንያው በ706 ይጀምራል። ጋሼ ሁሉንም በደብተራቸው ገልብጠው ቅጠሏን ቀድደው ሰጧት። ስልክ ባትሪው ሊያልቅበት ይችላልና የወረቀት ነገር አይናቅም።

ቀጥሎም እጇን ይዘው ወደ መስኮቱ ተመለሱ። እንደገና አልተሰለፉም፤ ሰልፈኛውን ይቅርታ ጠይቀው የኃላፊዋን መምጫ ከጎን ቆመው ጠበቁ። ኃላፊዋ ስትመጣ ድምፃቸውን ሳያነሡ እንዲህ አሏት። «በረራውን የሰረዘው መንገደኛዋ አይደለችም፤ ወኪሉም አይደለም። የሰረዛችሁት እናንተ ናችሁ። ዛሬ የጉዞው ዕለት ነው። የጉዞው ዕለት ከደረሰ ቲኬቱ በእናንተ እጅ ነው። ወደ ሌላ በረራ አዛውራችሁ ቲኬቱን እንደገና ልትቈርጡላት ትችላላችሁ።» ሴትዮዋ ጥቂት ዝም አለች። ከዚያ የቲኬቱን ቁጥር ጠየቀች። ከብዙ የመኪና ድምፅና ከሁለት ስልክ በኋላ ለእናትና ልጅ ሐሙስ ጧት በሚነሣው በረራ ሁለት ቦታ ተገኘ።

ጋሼ ግን አልተነሡም። «ቲኬቱስ ተቈርጧል?» አሉ። ሴትዮዋ ፈገግ ብላ አዲሱን ወረቀት አትማ ሰጠቻቸው።

ይህችን ጥያቄ ያን ጊዜ እንደ ሽማግሌ ነገር ማክረር ቈጥሬ በልቤ ሣቅሁ። የሣቄን ዋጋ በማግስቱ ከፈልሁ። ያን ጧት ወኪሌ «ወደ ሐሙስ ጧት በረራ ተዛውረሃል፤ መልካም በዓል» የሚል መልእክት በስልኬ ልኮልኝ ስለ ነበር፣ ከጋሼ ትምህርት ሳልሻ ወንበር ፈልጌ ተቀምጬ ነበር። ሐሙስ ጧት ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነሥቼ ስሄድ የአየር መንገዱ ሠራተኛ ማሽኑን አየና «ስምህ አለ፤ ቲኬትህ ግን አልተቈረጠም» አለኝ። ነገሩ እንዲህ ነው። ቦታ መያዝ አንድ ሥራ ነው፤ ቲኬቱን ለአዲሱ በረራ እንደገና መቍረጥ ሌላ ሥራ ነው። ወኪሌ የመጀመሪያውን ሠርቶ ሁለተኛውን ሳይሠራ ለበዓል ወደ ቤቱ ሄዷል። በእንቁጣጣሽ ቀን ቢሮውን ዘግቶ ዶሮውን ይበላ የነበረን ሰው ብዙ ልወቅሰው አልችልም። ይሁን እንጂ ወንበሬ ባዶ ሆኖ ሲሄድ በመስተዋቱ ውስጥ ቆሜ አየሁት።

ወደ ረቡዕ ልመለስ። የጋሼ የራሳቸው ጉዳይ ከሁላችንም የተወሳሰበ ነበር። መርከብ እንደ አውቶቡስ ቆሞ አይጠብቅም። ሐሙስ ማታ ከፒሬየስ ይነሣል፤ ያልደረሰ ይቀራል። የመርከቡን ኩባንያ ስልክ ሲደውሉ ሙዚቃ ብቻ ይሰማሉ። በዚህ መካከል አንድ ደላላ መሳይ ወጣት ቀርቦ በሌላ አየር መንገድ ወደ አቴና የሚሄድ ሁለት ቦታ እንዳለ ሹክ አላቸው። ዋጋው የሁለቱን ወር ጡረታ ይበልጣል። ጋሼ ለሰው ሲመክሩ እንዳልነበር፣ የራሳቸው ሲሆን ግን ልባቸው ተሸበረና የባንክ ካርዳቸውን አወጡ። እትዬ ናቸው እጃቸውን የያዙት። «እስቲ ስልኩ ይነሣ፤ ገንዘቡ የልጆቻችን ነው» አሉ።

እትዬ ልክ ነበሩ። ስልኩ ሲነሣ የመርከቡ ኩባንያ ሠራተኛ የነገረቻቸው ይህ ነው። በአንድ ቲኬት ላይ ተከታትለው ከተያዙት በረራዎች አንዱን ሳያስታውቁ ከቀሩ፣ አየር መንገዱ እንደቀረ መንገደኛ ቈጥሮ ቀጣዮቹን ሁሉ ይሰርዛል። ጋሼ በራሳቸው ገንዘብ አቴና ቢገቡ ኖሮ ከአቴና ዋሽንግተን የሚመለሱበት ቲኬት አብሮ ሊጠፋ ይችል ነበር። ሁለተኛም፣ የአይሮፕላኑን ቲኬት ራሱ የመርከቡ ኩባንያ ስለ ገዛ፣ በውሉ መሠረት መንገደኛውን መርከቡ ላይ የማድረስ ኃላፊነቱ የእሱ ነው። በሌላ በኩል ለብቻው ቲኬት ገዝቶ የሚሄድ መንገደኛ አይሮፕላኑ ቢዘገይበት መርከቡ እጁን እያወዛወዘ ይሄድበታል። እንግዲህ በሌላ ሰው እጅ የተገዛ ቲኬት እዳ ብቻ አይደለም፤ ፈራሚው ባለ አደራ ከሆነ ጥላም ይሆናል። እዳውንና ጥላውን የሚለየው የውሉ ወረቀት ነው። ያንን ወረቀት ከመነሣታችን በፊት የሚያነበው ከመቶ ስንቱ ይሆን? ጋሼ እንኳ፣ ዕድሜያቸውን በሒሳብ መዝገብ ላይ ያሳለፉት፣ አላነበቡትም ነበር።

ኩባንያው ረቡዕ እኩለ ሌሊት ላይ በዶሃ በኩል የሚሄድ ቦታ አገኘላቸው። አቴና የሚደርሱት ሐሙስ ቀን ስለሆነ ለመርከቡ ሊደርሱም ላይደርሱም ይችላሉ። ካልደረሱ ቅዳሜ ሮድስ በተባለችው ደሴት መርከቡን እንዲያገኙት እናደርጋለን ተባሉ። ጋሼ በደብተራቸው የተናጋሪዋን ስምና ሰዓቱን ጻፉ፤ ከዚያም «ይህንን በጽሑፍ ላኪልኝ» አሏት። እሷም ላከችላቸው።

ቀትር ላይ ራበን። በአዳራሹ የሚሸጠው ምግብ ለኪስ አይመችም፤ አንዱ ማንዳዚ፣ የኛ ቦንቦሊኖ የሚመስለው፣ ከከተማው ዋጋ በብዙ እጥፍ ይሸጣል። ገንዘብ በእጄ ያልቀረ መሆኑንም ያን ጊዜ አስተዋልሁ። ኬንያዎች እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ ኤም ፔሳ በሚሉት ዘዴ ገንዘባቸውን በስልክ ስለሚያንቀሳቅሱ ጥሬ ገንዘብ የያዘ ሰው ብዙም አይታይም፤ እንግዳ ሰው ግን ይቸገራል። በዚህ ጊዜ እትዬ ከእጅ ቦርሳቸው በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አወጡ። ድፎ ዳቦ ነበር። ልጃቸው ለበዓሉ ጋግራ ግማሹን ለመንገድ ሰጥታቸዋለች። ጋሼ ባረኩና ቈረሱ። ከእኛ ጎን ሻንጣው ላይ ተቀምጦ የነበረ አንድ የኪሱሙ ሰው፣ ምን በዓል እንደሆነ ጠይቆ ስንነግረው፣ መስከረም መባቻ ላይ አዲስ ዓመት የሚያከብር ሕዝብ አለ ብሎ አስቦ እንደማያውቅ እየተገረመ ድርሻውን በላ።

ሕፃኗ እርሳስ ከጋሼ ተዋሰች። ከአየር መንገዱ ቅጽ ጀርባ ላይ አደይ አበባ ትሥል ጀመር። ቢጫ ቀለም ስላልነበራት እትዬ ከዳቦው ላይ የተረፈውን እርድ የነካው ቅርፊት ቢሰጧት በጣቷ ወረቀቱ ላይ አሸችው፤ ትንሽ ቢጫ ሆነ። «ለአባዬ ነው» አለች። እናቷ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

አድማው ከሰዓት በኋላ ቆመ የሚለው ወሬ ሲመጣ ብዙ ሰው አጨበጨበ። ጭብጨባው ግን ችኩል ነበር። አንድ ቀን ጧት የቆመ የአይሮፕላን ሥራ ማታውኑ አይስተካከልም። አይሮፕላኑ ሌላ ከተማ ቀርቷል፤ አብራሪው የሥራ ሰዓቱ አልቋል፤ የትናንቱ ሰው የነገውን ወንበር ይሻማል። ስለዚህ ማምሻውን የተነሡ በረራዎች ቢኖሩም እኛ እዚያው ቀረን። ጋሼና እትዬ ግን እኩለ ሌሊት ላይ ሄዱ። ተሳስመን ስንለያይ ጋሼ «ቲኬቱን፣ ቲኬቱን ጠይቅ» ብለውኝ ነበር። አልሰማሁም።

እናትና ልጅ ሐሙስ ጧት ሲሳፈሩ እኔ በመስኮቱ በኩል እየተነታረክሁ ነበር። ወኪሌ አራት ሰዓት ላይ ቢሮውን ሲከፍት ቲኬቱን ቈረጠልኝና በዚያው ዕለት ማታ ቦሌ ገባሁ።

ስለ ገንዘብ አንድ ነገር ልጨምር፤ በየሰፈሩ ከዘመድ በተላከ ቲኬት የሚጓዝ ቤተሰብ ብዙ ነውና። በረራው ተሰርዞ ሌላ በረራ የማይፈልግ ሰው ገንዘቡ እንዲመለስለት ሊጠይቅ ይችላል። ገንዘቡ የሚመለሰው ግን ወደ ከፈለው ሰው ነው። የእናትየዋ ወንድም በዱባይ በካርድ ከፍሎ ከሆነ ገንዘቡ ለእሷ በናይሮቢ መስኮት አይቈጠርላትም፤ ወደ ካርዱ ይገባል። ጠያቂውም እሱ መሆን አለበት፤ መጀመሪያ የሚጠይቀውም በባንክ መግለጫው ላይ ስሙ የተጻፈውን ሻጭ ነው። አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጡት ደንብ ወደ አገራቸው ለሚገቡና ከአገራቸው ለሚወጡ በረራዎች ይህንኑ በግልጽ ጽፈውታል፤ ገንዘቡን በስሙ የተቀበለው ወኪል ከሆነ የሚመልሰው ወኪሉ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ደንብ ደግሞ ከአውሮፓ የሚነሡትንና በአውሮፓ አየር መንገዶች ወደዚያ የሚሄዱትን መንገደኞች ይመለከታል እንጂ ከናይሮቢ አዲስ አበባ የሚበርረውን አይነካም። እኛንና ኬንያን የሚያገናኘን እ.ኤ.አ. በ1999 በሞንትሪያል የተፈረመው ስምምነት ነው፤ ሁለቱም አገሮች ገብተውበታል። በዚያ ስምምነት መሠረት ስለ መዘግየት ጉዳት ክስ የሚቀርበው በሁለት ዓመት ውስጥ ነው፤ ሻንጣው የዘገየበት ሰው ደግሞ ሻንጣውን ከተረከበ በ21 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ማመልከት አለበት። አየር መንገዱ ጉዳቱን ለማስወገድ የሚቻለውን ሁሉ ማድረጉን ካስረዳ ግን ከካሣ ነፃ ይሆናልና፣ አድማ በሆነ ጊዜ ካሣ ማግኘት ቀላል አይሆንም። ያም ሆኖ የሆቴሉን፣ የታክሲውንና የምግቡን ደረሰኝ የያዘ ሰው ቢያንስ የሚያሳየው ነገር አለው። እኔ የሆቴሌን ደረሰኝ አምጥቼ ከወኪሌ ጋር ከተከራከርሁ በኋላ ግማሹ በጥር ወር ተመለሰልኝ። የቀረውን ለጋሼ ምክር የከፈልሁት ነው ብዬ ተውሁት።

ጋሼና እትዬ በሮድስ መርከባቸውን አገኙ። ከመርከቡ ጀርባ ላይ ቆመው የተነሡትን ፎቶግራፍ ልከውልኛል፤ ጋሼ እዚያም ደብተሯን ይዘዋል።

እናትየዋን በሳምንቱ ስልክ ደውዬ ጠየቅኋት። ሐሙስ ቀን ባለቤቷ ከቦሌ ተቀበላቸው። ልጁ መጀመሪያ አላወቀችውም፤ ከእናቷ ቀሚስ ጀርባ ተደብቃ ብዙ አየችው። ኋላ ግን ሌሊቱን በሙሉ ከአንገቱ አልወርድ ብላ አደረች። አርብን አብረው ዋሉ። ቅዳሜ ጧት ሄደ።

«ሥዕሉስ?» አልኋት።

«በደረት ኪሱ አድርጎት ሄደ፣ ጋሼ» አለችኝ። «ቢጫው ግን እየለቀቀ ሸሚዙን ነክቶታል።»